ኖራ የበዛበት ውሃና የጠብታ መስኖ፦ ከድሬዳዋ አጠገብ ያለ የአንድ ብርቱካን እርሻ ጉዳይ ጥናት

እርሻው ከድሬዳዋ ከተማ በስተምዕራብ፣ ወደ ሁርሶ በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛል። ስፋቱ 4 ሄክታር ነው፤ በ33 ረድፍ፣ በየረድፉ 40፣ በድምሩ 1,320 ያፈሩ የብርቱካን ዛፎች አሉት። በረድፍና በረድፍ መካከል 6 ሜትር፣ በዛፍና በዛፍ መካከል 5 ሜትር ርቀት አለ። የውሃው ምንጭ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ቀድሞ ዛፎቹ በየግንዳቸው ዙሪያ በተቆፈረ ክብ ገንዳ፣ በቦይ በሚመጣ ውሃ ይጠጡ ነበር። ኋላ የጠብታ መስኖ ተዘረጋላቸው፤ በሁለተኛው በጋ ግን ግማሹ እርሻ ቅጠሉን ጠቅልሎ ፍሬውን ማርገፍ ጀመረ። ባለቤቱ ቧንቧውን ነቅለው ወደ ቦይ ለመመለስ ተዘጋጅተው ሳለ ነው መልሶ የመንደፉ ሥራ የተጀመረው።

ከዚህ ጉዳይ የሚወጣው ዋና ነገር፣ በድሬዳዋ አካባቢ የጠብታ መስኖ ንድፍ መነሻው የውሃው ጠባይ መሆኑ ነው። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ በብዛት በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ አፍልቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያው ቅርፊት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም በማይሰፋ የድሪፐር (ውሃውን ከቧንቧው በጠብታ የሚያወጣው ትንሽ ዕቃ) መንገድ ውስጥ ሲጋገር ምን እንደሚሆን ያላሰበ ንድፍ፣ የቧንቧው ስሌት የቱንም ያህል ቢያምር ዕድሜው አጭር ነው።

የመጀመሪያው ዝርጋታ ለምን ከሸፈ

ምርመራው የተጀመረው በጠርሙስና በመለኪያ ሲሊንደር ነው። ከእርሻው የተለያየ ቦታ 16 ድሪፐሮች ተመርጠው (ከመስመር መጀመሪያ፣ ከመሃል፣ ከጫፍ) እያንዳንዱ ለ6 ደቂቃ የሰጠው ውሃ ተለካና በ10 ተባዝቶ ወደ ሰዓት ተቀየረ። ድሪፐሮቹ በሰዓት 8 ሊትር እንዲሰጡ የተሠሩ ሲሆኑ አማካዩ 5.6 ሊትር ሆነ፤ ዝቅተኛዎቹ 4 ድሪፐሮች በአማካይ 2.6 ሊትር ብቻ ሰጡ። 2.6ን ለ5.6 ስናካፍል የውሃው የስርጭት እኩልነት 46 በመቶ ይሆናል። ጥሩ የጠብታ መስኖ ከ85 በመቶ በላይ መሆን አለበት፤ 46 በመቶ ከቦይ መስኖ ጋር እንኳን የሚወዳደር አይደለም።

የተደፈኑት ድሪፐሮች በምላጭ ተሰንጥቀው በውስጣቸው ያለው ነጭ ቅርፊት ላይ አንድ ጠብታ አሲድ ሲጨመርበት አረፋ እያወጣ ፈላ፤ ይህ ኖራ ነው። በጥቂቶቹ ውስጥ ደቃቅ አሸዋም ነበረ። አሸዋው የመጣው ከጉድጓዱ ነው፤ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ለአንድ ሁለት ደቂቃ ደፍርሶ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ያገኘው ደግሞ አንድ ባለ ወንፊት ማጣሪያ ብቻ ነበር፤ የእሱም ወንፊት ተቀዷል።

መደፈኑ ሌላ ጉድለት ሸፍኖ ነበር። ለአንድ ዛፍ የተሰጠው 2 ድሪፐር ነበር። አፈሩ ከተራራው በጎርፍ የወረደ፣ አሸዋ የሚበዛበት ነው፤ በእንዲህ ያለ አፈር ውሃ ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ታች ይሰርጋል። ሁለቱ ድሪፐሮች የሚያርሱት ከ30 ካሬ ሜትር የዛፍ ድርሻ ውስጥ 3 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም 10 በመቶውን ነው። ከድሪፐሩ ሥር ጉድጓድ ሲቆፈር እርጥበቱ ከ1.5 ሜትር በታች ወርዷል፤ ውሃ ሳቢው ሥር ግን በብዛት ያለው በላይኛው ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ስለዚህ ድሪፐሩ ባይደፈንም ዛፉ ይጠማ ነበር፤ ውሃው ደግሞ ከሥሩ በታች ይባክን ነበር።

ሦስተኛው ችግር የተከላው ወቅት ነው። ሥራው የተጠናቀቀው በጥር ሲሆን ቦዩ በአንድ ቀን ተዘግቶ ጠብታው ተተካ። በክብ ገንዳ ውሃ ያደገ ዛፍ ሥሩ ዙሪያውን ተበትኗል፤ የሚረጥበው ቦታ ድንገት ሲጠብ ከውጪ የቀረው ሥር ይደርቃል፤ በእርጥቡ ቦታ አዲስ ሥር እስኪበዛ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በመካከሉ የሚረግፈው ፍሬው ነው።

ውሃው በቁጥር

የላቦራቶሪ ውጤቱ ይህን ይመስላል፦ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.6፣ ካልሲየም በሊትር 120 ሚሊ ግራም፣ ባይካርቦኔት በሊትር 366 ሚሊ ግራም፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በሜትር 1.0 ዴሲሲመን። የመጨረሻው ቁጥር ጨውን ያመለክታል፤ ብርቱካን ጨው የማይወድ ተክል ቢሆንም በጥንቃቄ ከተያዘ ይህን መጠን ይችላል። የሚያሰጋው የካልሲየሙና የባይካርቦኔቱ አንድ ላይ መብዛት ነው።

ውሃው በጥልቀት ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አዝሎ ኖራውን አሟሙቶ ይዞታል። ወደ ላይ ወጥቶ ግፊቱ ሲቀንስና ሲሞቅ ጋዙ ይለቃል፤ ኖራው ይረጋል። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ መሬት ላይ የተዘረጋ ጥቁር ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውሃ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያደርጋል። ከዚህም በላይ ፓምፑ ሲጠፋ በድሪፐሩ አፍ ላይ የምትቀረው ጠብታ ትደርቅና ኖራዋን ትታ ትሄዳለች። ስለዚህ መስኖው በቀን ውስጥ በተደጋጋሚ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቅርፊቱ ይጨምራል።

ከዚህ ሦስት የንድፍ ውሳኔዎች ወጡ፦ መስኖው በሌሊት ይሁን፤ አንዴ ከተከፈተ የዕለቱን ድርሻ ሳይቋረጥ ይጨርስ፤ ቧንቧው በሣር ይሸፈን። ሦስቱም ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው፤ ከማንኛውም ውድ ዕቃ በፊት መታሰብ ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

የውሃ ፍላጎት ስሌት

ለንድፍ የተያዘው በጣም ሞቃታማ የሆኑት የግንቦትና የሰኔ ወራት የትነት ፍላጎት በቀን 6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥላው መሬቱን 70 በመቶ ለሚሸፍን፣ ከሥሩ ሣር ለማይበቅልበት የብርቱካን እርሻ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መመሪያ የሚሰጠው ማባዣ 0.70 ገደማ ነው። 6 × 0.70 = 4.2 ሚሊ ሜትር። ለአንድ ዛፍ 4.2 × 30 ካሬ ሜትር = 126 ሊትር በቀን። የአሠራሩ ብቃት 90 በመቶ ተብሎ ሲካፈል 140 ሊትር ይሆናል። ጨው ለማጠብ የሚያስፈልገው ተጨማሪ በጠብታ መስኖ ስሌት 6 በመቶ ያህል ስለሆነ በዚያው 10 በመቶ ውስጥ ተይዟል፤ ቀሪውን የክረምቱ ዝናብ ያጥበዋል።

1,320 ዛፍ × 140 ሊትር ወደ 185 ሜትር ኩብ በቀን ይመጣል። ጉድጓዱ በፓምፕ ሙከራ ሳይዋዥቅ የሰጠው በሰከንድ 5 ሊትር፣ ማለትም በሰዓት 18 ሜትር ኩብ ነው። በሌላ አነጋገር በከባዱ ወር 10 ሰዓት ተኩል መቅዳት ይበቃል። በቦይና በገንዳ ግን፣ ብቃቱ 50 በመቶ ቢሆን፣ ያው ዛፍ 252 ሊትር ይፈልጋል፤ ፓምፑም በቀን ከ18 ሰዓት በላይ መሥራት ይኖርበታል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ 18 ሰዓት የማይታሰብ ነው። ባለቤቱ ወደ ቦይ ለመመለስ ያሰቡትን ሐሳብ የጣለው ይህ ስሌት ነው።

ድሪፐርና መስመር

ለእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት መስመር፣ ከግንዱ ግራና ቀኝ 1 ሜትር ርቆ እንዲዘረጋ ተወሰነ። ከግንዱ ማራቁ ለምቾት አይደለም፤ የብርቱካን ግንድ ሥሩ ረጥቦ ከዋለ ሙጫ የሚያስወጣው የፋይቶፍቶራ በሽታ ይይዘዋል። በእርሻው ላይም በክብ ገንዳው ዘመን የታመሙ ግንዶች ነበሩ።

የድሪፐሩ መጠንና ርቀት የተመረጠው በሜዳ ሙከራ ነው። በሰዓት 4 ሊትር የሚሰጥ ድሪፐር ለ3 ሰዓት ተኩል ተከፍቶ ቦታው ሲቆፈር፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የረጠበው ክብ 1.1 ሜትር ስፋት ነበረው። ስለዚህ በየ1 ሜትሩ ድሪፐር ያለው ቧንቧ ሲዘረጋ ክቦቹ ይገናኙና 1 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ያልተቋረጠ እርጥብ መስመር ይፈጥራሉ። ለአንድ ዛፍ 2 መስመር × 5 ሜትር = 10 ካሬ ሜትር፤ ከድርሻው 33 በመቶ። ይህ ለትልቅ የብርቱካን ዛፍ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው መጠን ነው፤ ከዚህ ማነስ የለበትም።

በዛፍ 10 ድሪፐር × 4 ሊትር በሰዓት 40 ሊትር ይሰጣል፤ 140ው ሊትር በ3 ሰዓት ተኩል ያልቃል። እርሻው በ3 ክፍል ተከፈለ፣ በየክፍሉ 11 ረድፍ። የአንዱ ክፍል ፍሰት 11 × 40 × 40 = በሰዓት 17.6 ሜትር ኩብ ነው፤ ከጉድጓዱ 18 ጋር ይገጥማል። በመሆኑም መሃል ላይ ማጠራቀሚያ ገንዳ አላስፈለገም። ለዚህ ውሃ ክፍት ገንዳ አለመኖሩ ጥቅም ነው፤ ገንዳ ቢኖር አልጌ ሌላ የመደፈን ምንጭ ይሆን ነበር።

መሬቱ ከተራራው ከደቡብ ወደ ሰሜን 1.5 በመቶ ያዘቀዝቃል፤ ረድፎቹም በዚያው አቅጣጫ 200 ሜትር ይሄዳሉ። ማከፋፈያው ቧንቧ በመሃል ሲያልፍ ከእሱ የሚነሳው እያንዳንዱ የጠብታ መስመር 100 ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ ሽቅብ፣ ግማሹ ቁልቁል። በ16 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ውስጥ 100 ድሪፐር በሰዓት 400 ሊትር ሲወስዱ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት፣ በውሃ ዓምድ ከፍታ ሲለካ፣ ከነመጋጠሚያው 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ሽቅቡ 1.5 ሜትር ይጨምርበታል፤ በድምሩ 4 ሜትር። ተራ ድሪፐር በ10 ሜትር ግፊት ቢጀመር የሽቅቡ ጫፍ በ6 ሜትር ይቀራል፤ ፍሰቱም 22 በመቶ ይወርዳል። ተቀባይነት ያለው ልዩነት 10 በመቶ ስለሆነ ግፊት አመጣጣኝ ድሪፐር (ግፊቱ ቢለያይም እኩል ውሃ የሚሰጥ) ተመረጠ። ዋጋው ይበልጣል፣ ግን ተራውን ለመጠቀም ቧንቧውን 20 ሚሊ ሜትር ማድረግ ከዚያም ማከፋፈያውን ወደ ላይኛው ዳር ማስጠጋት ያስፈልግ ነበር። መሬቱ ሜዳ ለሆነለት ገበሬ ግን ተራው ድሪፐር ይበቃዋል፤ ያለ ምክንያት ውድ መግዛት አይገባም።

ፓምፑ

የነበረው ጠላቂ ፓምፕ የተገዛው ውሃን ወደ ቦይ ለመጣል ብቻ ነው። ለጠብታ የሚፈለገው ግፊት እንዲህ ተደመረ፦ በበጋ መጨረሻ ፓምፑ እየሠራ የውሃው ጥልቀት 52 ሜትር፤ በጠብታ መስመሩ መነሻ 15፤ ማከፋፈያና ቫልቭ 2፤ 250 ሜትር ባለ 90 ሚሊ ሜትር ዋና ቧንቧ 2.5፤ ማጣሪያ 5፤ አሸዋ መለያ 4፤ መጋጠሚያዎች 2፤ ከጉድጓዱ እስከ መሃል ያለው ቁልቁለት 1.5 ይቀነሳል። ድምሩ 81 ሜትር። በዚህ ከፍታ በሰዓት 17.6 ሜትር ኩብ ለማንሳት፣ የፓምፑ ብቃት 65 በመቶ ቢሆን 6 ኪሎ ዋት ስለሚያስፈልግ 7.5 ኪሎ ዋት ሞተር ያለው አዲስ ፓምፕ ገባ። በአሮጌው ፓምፕ ላይ ጠብታ መቀጠል የተለመደ ስህተት ነው፦ ውሃው ይወጣል፣ ግፊቱ ግን ጫፍ አይደርስም፤ ከዚያ ጥፋቱ በድሪፐሩ ይላከካል።

ማጣሪያና የተቀረው ዕቃ

ከጉድጓዱ አፍ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ፣ አየር ማስወጫ፣ ወደ ቦይ የሚያስወጣ ማስተንፈሻ ቧንቧ፣ አሸዋ መለያ ሃይድሮሳይክሎን፣ ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት ባለ 2 ኢንች የዲስክ ማጣሪያዎች (130 ማይክሮን)፣ የውሃ ቆጣሪ፣ ከዚያ የማዳበሪያና የአሲድ ማስገቢያ ቬንቹሪ (በውሃው ፍሰት ፈሳሽ ስቦ የሚያስገባ ጠባብ ቱቦ)። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ የግፊት ጌጅ የግድ ነው። ንጹሕ ማጣሪያ የሚወስደው ከ1 እስከ 2 ሜትር ግፊት ነው፤ ልዩነቱ 5 ሜትር ሲደርስ ዲስኩ ተፈትቶ ይታጠባል። ሃይድሮሳይክሎኑ በትክክለኛው የፍሰት መጠን መመረጥ አለበት፤ ትልቅ ከሆነ ውሃው በበቂ ፍጥነት ስለማይሽከረከር አሸዋውን አይለይም።

የዲስክ ማጣሪያ የተሟሟ ኖራን አይዝም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ነው፤ ኖራው ማጣሪያውን እንደ ውሃ ያልፋል፣ የሚረጋው ከዚያ ወዲያ ነው።

የጠብታ ቧንቧው 132 መስመር × 100 ሜትር = 13,200 ሜትር ነው፤ 3 በመቶ ትርፍ ተጨምሮ ባለ 400 ሜትር 34 ጥቅል ተገዛ። ማከፋፈያው ባለ 63 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ 200 ሜትር ያህል ሲሆን በየክፍሉ በመሃሉ ይመገባል። ለየክፍሉ አንድ ቫልቭ አለ፤ ከቫልቩ በኋላ ደግሞ አየር ማስገቢያ። ይህች ትንሽ ዕቃ ከተረሳች ፓምፑ ሲጠፋ ቧንቧው ባዶ ሲሆን ድሪፐሩ በአፉ ጭቃ ይስባል። የማከፋፈያው ጫፎች ማጠቢያ ቫልቭ አላቸው። ፒቪሲው ከተቀበረ በኋላ፣ የጠብታው መስመር ሳይገጠም በፊት፣ ውሃ በሙሉ ኃይል ተለቆ ታጠበ፤ የወጣው የመጋዝ ብናኝና የሙጫ ቁርጥራጭ ከአንድ ባልዲ የማይተናነስ ነበር።

ሽግግሩ

በዚህ ጊዜ ሥራው ከሐምሌ ዝናብ ጋር እንዲገጥም ተደረገ። ጠብታው ሲጀመር ክብ ገንዳው ወዲያው አልተዘጋም፤ ዝናቡ በሚያርፍባቸው ሳምንታት በገንዳው የሚሰጠው ውሃ እየቀነሰ ሄዶ በጥቅምት ቆመ። አዲሱ ሥር በመስመሩ ሥር የበዛው በእነዚህ ወራት ነው። በመስከረም መጨረሻ በመስመሩ ሥር ሲቆፈር ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች በላይኛው 40 ሳንቲ ሜትር ታይተዋል፤ ገንዳውን ለመዝጋት የተጠበቀው ምልክት ይኸው ነበር።

አሠራሩ በወቅት

በግንቦትና በሰኔ ፓምፑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ሦስቱን ክፍሎች በየ3 ሰዓት ተኩል እያፈራረቀ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ያበቃል። በተነሳ ቁጥር የመጀመሪያው 2 ደቂቃ ውሃ በማስተንፈሻው ወደ ቦይ ይለቀቃል፤ ድፍርሱ ማጣሪያው ጋ ሳይደርስ ያልፋል። በታኅሣሥና በጥር የትነቱ ፍላጎት ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የዛፉ ድርሻ 105 ሊትር ይሆናል። ያኔ በየቀኑ ጥቂት ከማጠጣት በሁለት ቀን አንዴ 5 ሰዓት ከሩብ ማጠጣት ይሻላል፤ በአንዱ ሌሊት ሁለት ክፍል፣ በሌላው አንድ። አፈሩ የሁለት ቀን ውሃ ይይዛል፤ ድሪፐሩ የሚደርቅባቸው ጊዜያት ብዛትም በግማሽ ይቀንሳል።

የበልጉ የመጀመሪያ ካፊያ ሲጥል ፓምፑን ማጥፋት አይገባም። በበጋው ጨው የተከማቸው በእርጥቡ መስመር ጠርዝ ላይ ነው፤ ትንሽ ዝናብ ያንን ጨው ወደ ሥሩ ይገፋዋል። መስኖው በዝናቡ ጊዜ ከቀጠለ ጨውን ወደ ውጪና ወደ ታች ይመልሰዋል። መስኖ የሚቆመው መሬቱ ከሥር ድረስ በደንብ ሲርስ ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ ዩሪያ ተሟሙቶና ተጣርቶ በቬንቹሪው ይገባል። ኤንፒኤስ (ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ) ግን ፈጽሞ በጠብታው አይገባም፤ ፎስፌቱ ከውሃው ካልሲየም ጋር ተጋብቶ አሲድም በቀላሉ የማይፈታው ዝቃጭ ይሆናል። በእጅ፣ በእርጥቡ መስመር ላይ ተበትኖ ይሸፈናል።

የአሲድ እጥበት

ውሃውን ሁልጊዜ በአሲድ ማለስለስ አዋጪ አልነበረም፤ ፒኤቹን ወደ 6.5 ለማውረድ ብቻ በቀን ወደ 40 ሊትር 33 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ በበጋ በወር አንዴ፣ በመስኖው ማብቂያ ላይ፣ አጭር ግን ጠንካራ እጥበት ይደረጋል።

መጠኑ በባልዲ ይገኛል። በ10 ሊትር የጉድጓዱ ውሃ ላይ አሲዱ በመርፌ እየተጨመረ በፒኤች ወረቀት ይለካል፤ ፒኤቹ 3 ላይ ሲደርስ ይቆማል። በዚህ እርሻ የወሰደው 7 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ውሃው በ100 ሜትር መስመር ጫፍ ለመድረስ 12 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ ዋናው ቧንቧ ሲጨመር ከ15 ደቂቃ በላይ፤ ስለዚህ ማስገቢያው 30 ደቂቃ ይቆያል። በዚያ ጊዜ የሚያልፈው 8.8 ሜትር ኩብ ውሃ ለአንድ ክፍል 6 ሊትር አሲድ ይፈልጋል። በበርሜሉ 54 ሊትር ውሃ ቀድሞ ይደረጋል፣ አሲዱ ከዚያ በላዩ ይፈሳል፤ ውሃ በአሲድ ላይ ማፍሰስ ይረጫልና አደገኛ ነው። የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳይኖር ማንም አይነካውም። በመጨረሻው ድሪፐር ላይ ወረቀቱ 3 ገደማ ካላሳየ አሲዱ አልደረሰም ማለት ነው። ፓምፑ ጠፍቶ 1 ሰዓት ከቆየ በኋላ መስመሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ያገለገለ የባትሪ አሲድ እርሳስ ስላለበት በእርሻ ላይ መግባት የለበትም፤ ርካሽ ነው ብሎ የሚያመጣው ሰው አይጠፋምና ካቦው ይህን ማወቅ አለበት።

የመስመር ጫፎች በሁለት ሳምንት አንዴ ይከፈታሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ5 አይበልጡም፣ ያለዚያ ግፊቱ ወድቆ ደለሉን የሚገፋ ፍጥነት አይኖርም። ውሃው እስኪጠራ ይጠበቃል፣ ከዚያ ጫፉ ታጥፎ ይታሰራል።

ውጤቱ በልኬት

ተከላው እንዳበቃ በተወሰደው የ16 ድሪፐር ልኬት አማካዩ 3.9፣ የዝቅተኛዎቹ 3.6 ሊትር ነበር፤ 92 በመቶ። ከአንድ ሙሉ በጋ በኋላ 3.8 እና 3.4፤ 89 በመቶ። ቅናሹ እንዳለ ያሳያል፣ ኖራውም አልጠፋም፤ ይህ ልኬት ከ85 በታች ከወረደ እጥበቱ በወር ሁለቴ ይሆናል ተብሎ ተወስኗል። ልኬቱን የሚወስደው የመስኖ ሠራተኛው ራሱ ነው፤ ሁልጊዜ ምልክት በተደረገባቸው በእነዚያው 16 ድሪፐሮች ላይ።

ከጉዳቶቹ አብዛኛው በዶማ የደረሰ ነው። ቧንቧው በሣር ስለተሸፈነ አረም የሚነቅለው ሰው አያየውም። በየረድፉ ጫፍ ካስማ ተተክሎ በመስመሩ ግራና ቀኝ 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አረም በእጅ ብቻ እንዲነቀል ተደርጓል።

በሞቱት ዛፎች ምትክ ለተተከሉት ችግኞች መስመሩ ከግንዳቸው 1 ሜትር ስለሚርቅ ውሃው ሥራቸው ጋ አይደርስም። ለእያንዳንዳቸው ከመስመሩ በቀጭን ቱቦ አንድ ባለ 4 ሊትር ድሪፐር ከችግኙ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል፤ ችግኙ ሲያድግ ቱቦው ወደ ውጪ ይገፋል፣ ሥሩ ወደ ዋናው መስመር ሲደርስ ይነሳና ቀዳዳው በመክደኛ ይዘጋል።